ከኦሮራ እስከ ጋልቬስተን ወደብ፣ በወንድሜ ደብተር

ኦሮራ ባሕር የላትም፤ ዴንቨርም የላትም። ከአፓርታማችን ደጅ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው ተራራ ያያል፣ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሜዳ ያያል፣ ሌላ የለም። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ግን እዚሁ፣ ከሃቫና ስትሪት ብዙም በማይርቅ ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ፣ ስለ አንድ የመርከብ ወደብ ደብተር ሙሉ ጻፈ። መኪና የት እንደሚቆም፣ አውቶቡሱ በየስንት ደቂቃው እንደሚመላለስ፣ መርከቡ እስኪነሳ ድረስ ምን እንደሚታይ። ጽፎ ጨረሰና ሳይሄድ ሞተ።

የሄድነው እናቴና እኔ ነን። ይህን የምጽፈው ተመልሰን ከገባን በኋላ ነው። ብዙዎቻችሁ ወደዚያ የሚወስድ ጉዳይ እንደማይኖራችሁ አውቃለሁ። እኔም አልነበረኝም። ትምህርቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከደብዳቤ በቀር ጽፌ ስለማላውቅ ነገሩን እንደሆነው በየቀኑ አስቀምጣለሁ። ሰዓቱ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ዳዊት በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ መኪና ማቆሚያ ይሠራ ነበር። መኪናቸውን እዚያ ትተው የሚበሩ መንገደኞችን በትንሽ አውቶቡስ ተርሚናል ያደርሳል፣ ሲመለሱም ያመጣቸዋል። ሻትል ይባላል። ስምንት ዓመት ነዳው። "ወደ ስብሰባ የሚሄድ ሰው አይስቅም፤ ወደ መርከብ የሚሄድ ሰው ግን ሻንጣው ቢጠፋም ይስቃል። እማዬ እንደዚያ ስትስቅ ማየት አለብኝ" ይለኝ ነበር። እናታችን አሜሪካ ከመጣች ጀምሮ የምታውቀው ቤቷን፣ ቤተ ክርስቲያኗንና የምታጸዳውን ቢሮ ነው። ስለዚህ ለእሷና ለራሱ፣ ባሕር ላይ ጥቂት ቀን ዞሮ በሚመለስ የመዝናኛ መርከብ፣ ሁለት ቲኬት ቆረጠ።

ስለ መኪና ማቆሚያ የነበረው ነገር ቀልድ ይመስል ነበር። ገና ሲመጣ ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር ነው የተከራየው፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ። የመጀመሪያ መኪናውን በገዛ በሳምንቱ፣ መንገድ በሚጠረግበት ቀን ጎዳና ላይ ፓርክ አድርጎ ጎትተው ወሰዱበት። ከዚያ ወዲህ "የት እንደምትቆም ሳታውቅ ሞተር አታስነሳ" ማለት ጀመረ። ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም መጀመሪያ የሚያየው ማቆሚያውን ነበር።

ሰኔ ላይ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ልቡ ቆመ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልቻልኩም።

እማዬ ጥቁር ለበሰች። ፍራሽ ወለል ላይ አንጥፋ መተኛት ጀመረች፤ አርባው ካለፈ በኋላም አልጋው ላይ አልወጣችም። ስትሄድ መሬት መሬት ታያለች። ሰው ሲያናግራት ጫማውን ታያለች። እኔ የመርከቡን ኩባንያ በስልክ ጠይቄ በዳዊት ስም ፋንታ የእኔን አስገቡልኝ። ስነግራት ተቆጣች።

"ልጇን ቀብራ መርከብ ላይ ጨፈረች ልባል ነው?"

"እማዬ፣ ማንም አይጨፍርም።"

"አንተ ሰው አታውቅም።"

ደብተሩን አምጥቼ ጉልበቷ ላይ አኖርኩት። በእጅ ጽሑፉ ላይ እጇን እንደጫነች ብዙ ቆየች። ከሁለት ሳምንት በኋላ "እሺ፤ ግን ለአንድ ነፍስ እንኳ እንዳትናገር" አለችኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ ሂዩስተን ያሉትን እትዬ ዘነበችን ልንጠይቅ ነው አልን። እትዬ ዘነበች የእማዬ የልጅነት ጎረቤት ናቸው። ዳዊትም በደብተሩ "አርብ ማታ፦ እትዬ ዘነበች ቤት ማደር፤ እማዬ ደስ ይላታል" ብሎ ጽፏል። ስለዚህ ውሸታችን ግማሹ እውነት ነበር። ችግር ያመጣብን ግን እውነቱ ግማሽ ነው።

ሐሙስ።

ከእኛ ሰው መካከል አንዱ ሩቅ ከተማ ሊሄድ ነው ከተባለ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ረቡዕ ማታ በርበሬ መጣ። ቀጥሎ ለአንዲት አራስ የታሰረ ልብስ መጣ። ሐሙስ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ በነጠላ ተሸፋፍነው አንድ ትልቅ ፌስታል ይዘው መኪናው ጋ ቆመው አገኘናቸው።

"ለእህቴ ልጅ ናት፣ ሽሮ ብቻ ናት" አሉ።

"እትዬ ሙሉ፣ ሂዩስተን ሽሮ አለ እኮ" አልኳቸው።

"እሱ ሽሮ ነው? አንተ ዝም ብለህ ንዳ።"

መኪናው የዳዊት ነው። የኋላ ጎማዎቹ ዝቅ ብለዋል። እማዬ ስትገባ አየቻቸውና "ውሸታችን ከበደ" አለች። ከሰኔ ወዲህ ከአፏ የሰማሁት የመጀመሪያው ቀልድ ነው፤ ቀልድ መሆኑን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም፣ አልሳቅኩም።

ወደ ደቡብ ነዳን። ኮሎራዶ ውስጥ እስካለን ተራራው በቀኝ እጃችን ነው። እኛ ኦሮራ ያለን ሰዎች አቅጣጫ የምናውቀው በተራራው ነው፤ ተራራው ያለበት ምዕራብ ነው፣ በቃ። ኒው ሜክሲኮ ገብተን ወደ ቴክሳስ ስንታጠፍ ተራራው ከኋላችን ቀረ፣ የስልኬ ካርታም ኔትወርክ አጥቶ ቆመ። ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ሣር ነው። ከላሞች በቀር የምጠይቀው አልነበረም።

እዚያ መሃል ጎማ ተነፈሰ።

ትርፍ ጎማው ያለው ከዕቃው ሁሉ ሥር ነው። ሻንጣውን፣ በርበሬውን፣ የአራሷን ልብስ፣ የእትዬ ሙሉን ሽሮ አንድ በአንድ አውርጄ መንገድ ዳር ደረደርኩ። ገበያ መሰልን። አንድ ትልቅ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ፈረንጅ ፒክአፕ መኪናቸውን አቁመው ወረዱ። ክሪኩን ከእጄ ወሰዱ። የበርበሬው ፌስታል ትንሽ ተቀዶ ኖሮ በማስነጠስ ሊያልቁ ደረሱ። እማዬ ውኃ ሰጠቻቸው። "ምንድን ነው የምትሸጡት?" አሉኝ። "አንሸጥም፣ ለዘመድ ነው" አልኩ። "ትልቅ ዘመድ ነው ያላችሁ" አሉ።

ትርፍ ጎማውን ሲጫኑት ጠንካራ ነበር። ባለቤቱ ጠንቃቃ ነው አሉ። በደብተሩ ሁለተኛ ገጽ ላይ "የትርፍ ጎማውን ነፋስ ማየት" የሚል አለ፤ አጠገቡም ምልክት ተደርጎበታል። ለእማዬ ነገርኳት። ትንሽ ከሄድን በኋላ ዞር አለችና፣

"እዚያ ጎማ ውስጥ ያለው አየር ዳዊት የሞላው ነው ማለት ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

አማሪሎ ስንደርስ የተበሳውን አስጠገንኩ። መልሼ ላስገባው ስል "ተወው፣ በዚሁ እንሂድ" አለች። ሙሉ ጎማ ስለነበረ በዚሁ ሄድን።

ያደርንበት ሞቴል የአንዲት ሕንዳዊት ሴት ነው። ደብተሩ ላይ "መኪና ከክፍሉ በር ፊት ይቆማል" ተብሎ ተጽፏል፤ እንደተባለው ነበር። ማታ ራት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ሴትየዋ ለእማዬ ፎጣ አምጥታ፣ እማዬ ብርድ ልብሱን ከአልጋው አውርዳ ወለሉ ላይ ስታነጥፍ አገኘቻት። እማዬ አልጋውን የተጸየፈችው መስሏት ደንግጣ ጠየቀችኝ። "አይደለም፣ ልጇ ሞቶባት ነው" አልኳት። ሴትየዋ ሄደች። ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክማ ተመለሰች፤ ተንበርክካ ከእማዬ ጋር ሆና አነጠፈች። በእኛም አገር እንዲሁ ነው፣ እኔም ለአባቴ ወለል ላይ ተኝቻለሁ አለችኝ። ሁለቱ አንድም ቃል አይግባቡም። እማዬ ጉንጯን ሳመቻት።

አርብ።

ቀኑን ሙሉ ቴክሳስ ነው። ጠዋት ቴክሳስ፣ ምሳ ሰዓት ቴክሳስ፣ መሸም ቴክሳስ። ከኦሮራ እስከ ዴንቨር መሃል ከተማ ያለውን የጠዋት መጨናነቅ የሚያማርር ሰው የዳላስን መንገድ አንድ ጊዜ ይንዳው፤ መንገድ ላይ መንገድ፣ በዚያ ላይ ሌላ መንገድ ተሠርቷል። ወደ ደቡብ በወረድን ቁጥር አየሩ ይረጥባል። የዴንቨር አየር ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። እዚህ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። እማዬ ግን "እዚህ ትንፋሽ አይቆርጥም" አለች።

ሂዩስተን ስንደርስ ማታ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። የእትዬ ዘነበች ቤት ያለበት መንገድ ግራና ቀኙ መኪና ሞልቶበታል፣ ማቆሚያ የለም። ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ሠርግ ያለ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ወንበሮች፣ ጥቁር ነጠላ የለበሱትን ሴቶች አየሁ። እማዬም አየች። እጄን ያዘችው።

ለካ እትዬ ዘነበች ዳዊት ሲሞት መምጣት ስላልቻሉ፣ ያልደረሱትን ለቅሶ በቤታቸው ሊደርሱ ሰው ጠርተው ነው። ዳዊትን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ግን ተነሡ። እትዬ ዘነበች ደረታቸውን እየመቱ እስከ መኪናው መጡ። "ብርቄ! ብርቄ! ምን ልበልሽ!" እማዬ ከሰኔ ወዲህ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። እኔ ሻንጣውን እንደያዝኩ አጥሩ ጋ ቆሜ፣ ወንዶቹ እየመጡ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ሲሉኝ "አሜን" እላለሁ።

ይህን በቅሬታ አይደለም የምጽፈው። የሠሩት ደግ ነው። አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ሠርቶ አርብ ማታ፣ ለማያውቀው ልጅ ሊያለቅስ የመጣ ሰው ነው። ግን እኛ ለመርከብ ነበር የመጣነው፣ ያንን ማንም አያውቅም።

ቅዳሜ።

ደብተሩ ለቅዳሜ እንዲህ ይላል። "በማለዳ መነሣት አያስፈልግም፤ እማዬ ትተኛ። ዘጠኝ ሰዓት ወደ ጋልቬስተን። አንድ ሰዓት መንገድ ነው። የባሕሩን የማዕበል መከላከያ ግንብ ተከትሎ በመኪና መሄድ። ቀጥሎ ነጻዋ ጀልባ፦ መኪናዋ ራሷ ጀልባው ላይ ትወጣለች፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ። እማዬ ባሕር ትፈራ እንደሆነ እዚህ ማየት። ከፈራች እሑድ መርከቡን መተው፣ ሌላ ቦታ መሄድ።"

እኔ ግን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። አሥር ሰዓት ላይም። አርብ ሥራ የነበረባቸው ቅዳሜ መጡ። ከጠዋት ጀምሮ ምግብ እየያዙ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ "በምን አለፈ?" እኔ እመልሳለሁ። በሆዴ ግን፣ አሁን ግንቡ ጋ ደርሰን ነበር፣ አሁን ጀልባዋ ላይ ነበርን እላለሁ። ከሰዓት በኋላ በቀስታ፣

"እትዬ ዘነበች፣ እኛ እንግዲህ ብንነሣ…" አልኳቸው።

"የት?"

"መንገድ… ብንጀምር።"

"ኤፍሬም፣ ያምሃል? ትናንት ገብተህ ዛሬ መንገድ? ሳምንት ሳትቀመጡ ከዚህ ቤት አትወጡም። የመጣኸው እኛን ልትጠይቅ አይደለም እንዴ?"

"ነው" አልኩ።

ለዚያ ሌሊት ጋልቬስተን የያዝነው የሆቴል ክፍል ባዶውን አደረ።

እሑድ።

መርከቡ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል፤ በሩ የሚዘጋው ሁለት ተኩል ነው። እትዬ ዘነበች ሊነጋ ሲል ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። እማዬ ወገቧን አሟት ቀረች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ "ይቅር ልጄ" አለችኝ። "ሰው ሁሉ እንዲህ አልቅሶልኝ፣ እኔ ከዚህ ተነሥቼ መርከብ? ዳዊትም ይህን ቢያይ ይተወው ነበር።"

ሻንጣዎቹን ይዤ ወጣሁ። ልሄድ ይሁን ልቆይ እኔም አላውቅም፤ እጄ ሥራ ፈልጎ ነው። ለቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ሲቀረው እትዬ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የመኪናውን ኋላ እየዘጋሁ አገኙኝ።

"ሻንጣው ምንድን ነው?"

"ዋሽተናል" አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዐረፍተ ነገሬ እየተቆራረጠ፣ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ መጀመሪያው። ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው በረንዳው ላይ ቆመው አነበቡ። ለእሑድ የጻፈውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

"እማዬን መጀመሪያ በሩ ላይ ማውረድ። እግሯን ያማታል። ከዚያ መኪናዋን ማቆምና በሻትል መመለስ።"

ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ። እማዬ ቀና አላለችም።

"ብርቄ፣ ተነሺ።"

"ዘነቡ፣ ይቅር በይኝ፤ እኔ…"

"ለቅሶው የትም አይሄድም፣ ስትመለሺ ይጠብቅሻል። መርከቡ ነው የማይጠብቅሽ። ተነሺ አልኩሽ!"

"ሰው ምን ይላል?"

"ሰው? ሰውን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ እኔ እመልስለታለሁ። ልጇ አዟት ሄደች እላለሁ። ደግሞ ሽሮሽንና በርበሬሽን አውርጂልኝ፤ ይህን ሁሉ ይዘሽ መርከቡን ልታሰምጪ ነው?"

እማዬ ሳቀች እንዳልል አፏን በነጠላዋ ሸፍናው ነበር። ግን ተነሣች። ምሳችንን በፎይል ጠቅልለው እቅፏ ላይ ጣሉላት።

ጋልቬስተን ደሴት ናት። በረጅም ድልድይ ይገባል። ግራና ቀኝ ውኃ ሲሆን እማዬ መቀመጫዋን በሁለት እጇ ያዘች። መርከቡ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ከሩቅ ይታያል። ኮልፋክስ ላይ ያሉትን አፓርታማዎች አንዱን ባንዱ ላይ ቆልሎ ነጭ የቀባ ሰው ቢኖር እሱን ይመስላል። ተርሚናሉ በር ጋ ስንደርስ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር። ፖሊስ ያፏጫል፣ ሰው በሰው ላይ ነው። እንደተጻፈው አቆምኩና በሩን ከፈትኩላት።

"እዚህ ፈረንጅ መሃል ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?" አለች።

"ወንበር አለ፤ ዳዊት…"

"ቋንቋ አላውቅ፣ ሰው አላውቅ። ብትጠፋብኝስ?"

ልተዋት አልቻልኩም። የዳዊትን ትእዛዝ የጣስኩት እዚህ ላይ ነው። መልሼ አስገባኋትና አብረን ወደ ማቆሚያው ነዳን። ሰዓት አባከንኩ፣ እግሯንም አደከምኩ። ነገር ግን እሷን በሩ ላይ ባወርዳት ኖሮ ይህን ባልጻፍኩም ነበር።

ማቆሚያው ጥቂት መንገዶች ወረድ ብሎ ነው። የሚቀበለው ልጅ ታርጋውን አየና ኮምፒዩተሩ ላይ አነበበ። መርከቡ ቲኬት ላይ ያለውን ስም ሳስቀይር የማቆሚያውን ረስቼ ኖሯል።

"ዳዊት! እንኳን ደህና መጣህ" አለኝ።

"እሺ" አልኩ። ወረቀቱን ተቀብዬ አለፍኩ።

"ምን ብሎ ጠራህ?" አለች እማዬ።

"ዳዊት።"

"አንተስ?"

"እሺ አልኩ።"

"ደግ አደረግህ" አለች።

ሻትሉ መጣ። ነጂው ጢማቸው የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊ ሰውዬ ናቸው። ወረዱ። ትንሽ መርገጫ ከደረጃው ሥር አኖሩ። የእኛን ሻንጣዎች አነሡ፣ የሌሎቹን አነሡ፣ ከዚያ ለእማዬ እጃቸውን ዘረጉ። "ቀስ ብለሽ፣ እናቴ" ዓይነት ነገር አሉ። ከኋላቸው ተቀመጠች። አንገቷን አስግጋ የምታየው እሳቸውን ነው።

"ዳዊት የሚሠራው ይህን ነው?"

"ይህን ነው።"

"ሻንጣውንም ያነሣ ነበር? የሰዉን ሁሉ?"

"የሁሉንም።"

"እጁንም ይሰጥ ነበር?"

"ደረጃው ከፍ ስለሚል፣ ለትልልቅ ሰዎች ይሰጣል።"

"እኔ…" አለች። "እኔ ሹፌር ሲሉኝ ተቀምጦ የሚውል መስሎኝ። ወገቤን አመመኝ ሲለኝ፣ ተቀምጠህ እየዋልክ ምን ያምምሃል እለው ነበር።"

ተርሚናሉ ጋ ሰው ሁሉ ወረደ። እማዬ አልተነሣችም።

"እማዬ፣ ደርሰናል።"

"አንድ ጊዜ ደግመን እንሂድ።"

"የት?"

"መኪናው ጋ ሄዶ ሰው ያመጣ የለ? አንድ ጊዜ።"

በሩ ሊዘጋ ሃምሳ ደቂቃ አልሞላውም። ሰውዬው በመስታወታቸው ያዩናል። ባለችኝ እንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ወንድሜ፣ ይህን ሥራ፣ ዴንቨር፣ ሞተ፣ እናቴ ማየት ትፈልጋለች። ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ። ወርደው ሻንጣዎቻችንን ለተሸካሚዎቹ ራሳቸው አስረከቡ፣ እንዳይቀር ብለው ነው። ተመልሰው "ትቀመጥ፤ መርከቡ ላይ አደርሳችኋለሁ" አሉኝ።

ተመለስን። ማቆሚያው ውስጥ ቀስ እያሉ በየረድፉ ዞሩ። አንድ ቤተሰብ ከነሕፃኑ ገባ። ሁለት ባልቴቶች ገቡ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ገቡ። በእያንዳንዱ ሰውዬው ይወርዳሉ፣ መርገጫውን ያኖራሉ፣ ሻንጣ ያነሣሉ፣ እጃቸውን ይሰጣሉ። እማዬ አንዱንም ሳታይ አላሳለፈችም። ከመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ በሩ ታያለች። ከዘራ የያዙት ሽማግሌ ሲወጡ "አይዞት" አለቻቸው በአማርኛ፤ እሳቸውም "ታንክ ዩ" አሏት።

ለሁለተኛ ጊዜ ተርሚናሉ ጋ ስንደርስ ከሁሉም መጨረሻ ወረደች። የሰውዬውን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን አስነካችው። ሰውዬው ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ቆሙ።

"አሁን እንሂድ" አለችኝ።

ከሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ አልፎ ነበር። ገባን።

ስለ መርከቡ ብዙ አልጽፍም፤ የሄዱ ሰዎች ፎቶ አላቸው። የሚበላው መጠን የለውም፤ እማዬ አሳና ሩዝ በላች፣ የእትዬ ዘነበችንም ፎይል ጨረሰች። ባሕሩን ፈራች፣ ቀጥሎም ለመደችው። አንድ ነገር ግን መጻፍ አለብኝ። ክፍላችን ጠባብ ነበረች። ሁለት ትንንሽ አልጋዎች፣ መሃላቸው አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት። እማዬ ብርድ ልብሱን አውርዳ ልታነጥፍ ሞከረች፤ ቦታ የለም። አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም ሞከረች። ከዚያ ቁጭ ብላ አሰበች። አልጋው ላይ ወጣች። በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋ ላይ ተኛች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ተመልሰን ጋልቬስተን ወረድን። ሻትሉን ሌላ ሰው ነው የነዳው። ማቆሚያው ውስጥ አውርዶን ሲሄድ ደነገጥኩ። የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ "መኪናዋ የቆመችበትን ረድፍ መጻፍ። ሰው ደስ ብሎት ሲመለስ ይረሳል" ይላል። አልጻፍኩም ነበር። በመቶ የሚቆጠር መኪና ያለበት ሜዳ ነው፣ ተራራ የለ፣ አቅጣጫ የለ። ወዲያና ወዲህ መራመድ ጀመርኩ።

"ወዴት ነው የምትሄደው?" አለች እማዬ።

"ልፈልጋት።"

"በዚህ ነው። ሦስተኛው ምሰሶ፤ ቢጫ ዓሣ የተሳለበት። ከዚያ ወዲያ ያለችው ሰማያዊዋ፣ ከዘራ የያዙት ሰውዬ መኪና ናት።"

ቀድማኝ ሄደች። ጥቁር ቀሚሷ ነፋስ እየነፋው፣ ቀና ብላ፣ ምሰሶዎቹን እያየች። መኪናዋ ቢጫው ዓሣ ሥር ቆማለች። እማዬ ኋላ ዞራ የዳዊትን ጎማ በእጇ ጫን ጫን አደረገችው። "አልጎደለም" አለች።

ቅዳሜ የቀረችብንን ነጻዋን ጀልባ የጠየቀችው ራሷ ናት። መኪናችንን ጀልባው ላይ አቆምንና ወርደን አጥሩን ይዘን ቆምን። ወፎቹ ራሳችን ላይ ይጮኻሉ። "ለመፈተኛ ነበር ያልከው?" አለችኝ። "አዎ፣ ትፈሪ እንደሆነ።" "እንግዲህ አልፈራሁም በለው" አለች። ለማን እንደምለው አልጠየቅኳትም።

የመልሱን መንገድ በአጭሩ ልተወው። ሂዩስተን አንድ ሌሊት አደርን፤ እትዬ ዘነበች ለእትዬ ሙሉ የሚደርስ ፌስታል ሰጡን። አማሪሎ የሞቴሏ ሴት እማዬን አይታ ብርድ ልብስ ልታመጣ ስትል እማዬ አልጋውን በእጇ አሳየቻት። ከፑዌብሎ በኋላ ተራራው በግራችን ብቅ አለ፤ እንደገና ምዕራብ የት እንደሆነ አወቅን።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እትዬ ሙሉ ከሌሎች ሴቶች ጋር ቆመው አገኙን። እማዬ ጥቁሯን እንደለበሰች ናት። ፌስታሉን ሰጠኋቸው።

"ሽሮዋ ደረሰች?" አሉኝ።

"ደርሳለች።"

"እሰይ። ሂዩስተን እንዴት ናት፣ ብርቄ?"

እኔ ወደ እማዬ አየሁ። እማዬ የእትዬ ሙሉን ጫማ አላየችም። ፊታቸውን ነው ያየችው።

"ሂዩስተን ደህና ናት" አለች። "መርከቡም ደህና ነው።"